በጉዞ ላይ የማይፈለግ

ሻንጣ ማዘጋጀት ቀላል ሥራ ይመስላል። ልብስ ታጥፎ ይገባል፣ ክዳኑ ይዘጋል፣ አለቀ። እኛም እንዲህ እናስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በጥር ወር መጀመሪያ ግን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በምንኖርባት ጠባብ አፓርትመንት፣ የአንዲት ሴት የማታ ልብስ ሻንጣ ውስጥ ለመክተት ሦስት ሰዎች አራት ሌሊት ሙሉ ተከራከርን። ሴትዮዋ እናታችን ናት። ሦስቱ ሰዎች እኛ ልጆቿ ነን። ብዕሩን የያዘው አንዳችን ብንሆንም ጥፋቱ የሦስታችንም ስለሆነ «እኔ» ብሎ መጻፍ አላስኬደንም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ «እኛ» ስንል ሦስታችንን ማለታችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታችን አረጋውያንን በቤታቸው የመንከባከብ ሥራ ከያዘች ቆይታለች። በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ ብዙ ሐበሻ ሴቶች እንጀራቸው ይኸው ነው። ያን ጊዜ የምትንከባከባቸው ሴትዮ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ገንዘብ ያላቸው፣ እግራቸው ግን እንቢ ያላቸው ነበሩ። እናታችን «እሜቴ» ትላቸዋለች። በቀልድ የጀመረችው ነው፤ ኋላ ስማቸው ሆኖ ቀረ። እሜቴ ከባላቸው ጋር በየዓመቱ በመርከብ ይንሸራሸሩ ነበር። እርሳቸው ካረፉ በኋላ «አንድ ጊዜ ዓለምን ዞሬ ልሙት» ብለው ተነሡ። ብቻቸውን መሄድ አይሆንላቸውም። እናታችን ልትከተላቸው ሆነ። ጉዞው ከመቶ ቀን በላይ ነው፤ ከፍሎሪዳ ተነሥቶ በፓናማ ቦይ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በአውስትራልያ፣ በእስያ፣ በቀይ ባሕርና በስዌዝ ቦይ ዞሮ የሚመለስ።

«ታዲያ ምን ቸገራችሁ?» ይለን ይሆናል አንባቢ። የቸገረን ከመርከቡ ድርጅት የመጣው ወረቀት ነው።

በእንዲህ ያሉ መርከቦች ቀን ቀን ሰው የፈለገውን ለብሶ ይውላል። አንዳንድ ማታ ግን ሥርዐት አለ። ወንዱ ጥቁር የእራት ኮትና የቢራቢሮ ክራባት፣ ሴቷ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የማታ ቀሚስ። ይህን የማይፈልግ ሰው አይገደድም፤ ግን ራሱ እያነሣ የሚበላበት ሌላ ክፍል ይሄዳል እንጂ ዋናው አዳራሽ አይገባም። እኛ «የማዕረግ ማታ» ብለን ሰየምነው። በእናታችን ጉዞ ላይ አሥራ ስምንት የማዕረግ ማታ ነበር። እሜቴ ደግሞ አንዱም እንዲያመልጣቸው አይፈልጉም። እርሳቸው ባሉበት ሁሉ እናታችን አለች፤ ሥጋውን የምትቆርጥላቸው፣ መነጽራቸውን የምታቀብላቸው፣ ከወንበር የምታነሣቸው እርሷ ናት።

እንግዲህ እኛ ዩኒቨርስቲ የገባን ነን ባዮች ሥራችንን ከንባብ ጀመርን። ስናነብ ካገኘናቸው ነገሮች ጥቂቶቹን እዚህ ብናነሣ አንባቢ የሚሰለች አይመስለንም። ያ ጥቁር የእራት ኮት አሜሪካኖቹ ስሙን ያወጡለት ኒው ዮርክ አጠገብ ባለ ተክሲዶ ፓርክ በሚባል የሀብታሞች መንደር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1886 ገደማ። ከዚያ በፊት ጨዋ ሰው ማታ የሚለብሰው ከኋላው ጭራ ያለው ረጅም ኮት ነበር። አጭሩ ኮት መጀመሪያ ላይ እንደ መዝናኛ፣ እንደ ዘና ማያ ልብስ ነው የታየው። ዛሬ የክብር ጫፍ የሆነው ነገር ትናንት እንደ ግድየለሽነት ይቆጠር ነበር ማለት ነው። ከዚህ ኮት ጋር ወገብ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ፣ ኩመርባንድ፣ ስሙ ራሱ ከፋርስና ከሕንድ የመጣ ነው፤ «የወገብ ማሰሪያ» ማለት ነው። የእንግሊዝ መኮንኖች ሕንድ ሳሉ ሙቀቱ ሰደርያ አላስለብስ ሲላቸው ከአገሬው ወሰዱት። ባጭሩ መቀነት ነው። የሰው አገር መቀነት።

ስለ ሻንጣም አነበብን። የጥንቱ የመንገድ ሣጥን ክዳኑ ጐባጣ ነበር፤ የዝናብ ውኃ እንዲወርድለት። እ.ኤ.አ. በ1858 ሉዊ ቪቶን ፓሪስ ላይ ክዳኑ ጠፍጣፋ የሆነ ሣጥን አወጣ፤ በባቡርና በመርከብ አንዱን ባንዱ ላይ መደርደር ተቻለ። በዚያ በእንፋሎት መርከብ ዘመን መንገደኛ በየሣጥኑ ላይ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። አንዱ «ለካቢን» ይላል። አንዱ «በጉዞ ላይ የሚፈለግ» ይላል። ሦስተኛው «በጉዞ ላይ የማይፈለግ» ይላል፤ ይኼኛው እመርከቡ ሆድ ውስጥ ይወርድና ባለቤቱ አገር እስኪደርስ ድረስ አያየውም። በመጀመሪያዋ ሌሊት የማዕረግ ልብስ የማይለበሰውም ሻንጣው ገና ስላልተፈታ ነው፤ ልማዱ እስከ ዛሬ አለ።

ይህን ሁሉ ለእናታችን ስንነግራት እየሳቀች ሰማችን። በተለይ ያ የወረቀቱ ነገር አስገረማት።

ከዚያ ወደ ሥራው ገባን። እስከ ፍሎሪዳ የሚሄዱት በአውሮፕላን ስለሆነ አንዱ ሻንጣ ከ23 ኪሎ መብለጥ የለበትም። በመርከቡ ካቢን ውስጥ ካውያ መያዝ ክልክል ነው፤ ባሕር ላይ እሳት የሚፈራ ነገር ነው። ስለዚህ የማይጨማደድ ልብስ ያስፈልጋል። ዘዴዎቹንም ተማርናቸው። ላውንደሪ ቤት ልብስ የሚሸፍኑበትን ስስ ላስቲክ በየእጥፋቱ መካከል ማድረግ፤ ጨርቁ በላስቲኩ ላይ ስለሚንሸራተት መሥመር አይሠራም። ጫማ ውስጥ ካልሲ መጠቅጠቅ። ከባዱን በመንኰራኩሩ በኩል ማድረግ። የተጨማደደ ቢኖር መታጠቢያ ቤት ሰቅሎ ሙቅ ውኃ ለቅቆ በእንፋሎት መዘርጋት። ይህን እንኳ ቤታችን ሞክረነው ግድግዳው ሁሉ ላበው።

ከሁሉም በላይ የወደድነው ምክር ግን ይህ ነው፤ አንድ ረጅም ጥቁር ቀሚስና ሦስት ዓይነት ሻርፕ። ቀሚሱ ያው ነው፣ ሻርፑ ሲለዋወጥ አራት ልብስ ያላት ትመስላለች። ጥቁር እድፍ አይዝም። ጥቁር ከሁሉ ጋር ይሄዳል። ጥቁር ለባሽን ማንም ዞሮ አያይም። ገንዘባችንን አዋጣንና ገዛን። የማይጨማደድ ዓይነት ነው፤ ጨምቀው ቢለቁት እንደ ውኃ የሚፈስ።

እናታችን ቀሚሱን በእጇ ዳሰሰችው። «ጥቁር ነው» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ቀጥላ ወደ መኝታ ክፍሏ ገባችና የሐበሻ ቀሚሷን ይዛ ወጣች። ነጭ ነው፤ ደረቱና ግርጌው ላይ አረንጓዴና ወርቃማ ጥልፍ ያለበት። «ይቺንስ?» አለችን።

እዚህ ላይ ነው አንባቢ ልብ እንዲለን የምንፈልገው። ያልነው ሁሉ እውነት ነበር። የጥጥ ልብስ ይጨማደዳል አልን፤ ይጨማደዳል። ወይን ቢፈስበት አይለቅም አልን፤ አይለቅም። ይከብዳል አልን፤ ሚዛን ላይ አውጥተን አሳየናት። አንዱም ውሸት የለበትም። ምክንያታችን ግን አንዱም አልነበረም።

ወረቀቱን ጮክ ብለን ያነበብንላት እኛ ነን። እንግሊዝኛ ትሰማለች፤ እንዲህ ያለውን የደቀቀ ጽሑፍ ማንበብ ግን ያደክማታል። ወረቀቱ ላይ፣ ስለ ኮትና ስለ ቀሚስ ከሚለው በታች፣ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ነበረች፤ የየአገሩ የክብር ልብስም በማዕረግ ማታ የተፈቀደ ነው የምትል። አንባቢያችን እዚያ ሲደርስ ቀና ብሎ ሁለታችንን አየ። ሁለታችንም አየነው። ከዚያ ወደሚቀጥለው መሥመር አለፈ። አንድም ቃል አልተለዋወጥንም፤ አላስፈለገንም።

ለምን? ብለው ቢጠይቁን ያን ጊዜ «ለእርሷው ብለን» እንል ነበር። ያ ሁሉ ሀብታም ባለበት አዳራሽ አንዲት ጥቁር ሴት ነጭ በነጭ ለብሳ አሮጊት ስትደግፍ ቢያዩ ምን ይላሉ? እንደ ትርዒት ያዩዋታል፤ ፎቶግራፍ ያነሧታል፤ «ከየት ነሽ?» እያሉ ያደርቋታል። በጥቁሩ ቀሚስ ግን ማንም አያያትም። እነሆ ፍላጎታችን ይህ ነበር፤ እናታችን እንዳትታይ። ትምህርት ቤት ሳለን የወላጆች ማታ ነጠላዋን ለብሳ ስትመጣ ሦስት ረድፍ ርቀን የተቀመጥነው እኛው ነን። አድገናል ብለን ነበር። አላደግንም።

የሚያሳፍረው ደግሞ ይኸውና። ክፍላችን ግድግዳ ላይ አንድ የቆየ ፎቶግራፍ ቅጂ ሰቅለናል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ከተነሡት አንዱ ነው። በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚያ በመርከብ ቀይ ባሕርን አልፈው፣ ከነራስ ኃይሉና ከነራስ ሥዩም ጋር የአገራቸውን ልብስ ለብሰው ካባቸውን ደርበው በነጮቹ ዋና ከተማዎች ተገኙ። ጓደኞቻችን ሲመጡ ፎቶግራፉን እናሳያቸዋለን። «ተመልከቱ፣ አንድ ሰው እንኳ ኮት አልለመነም» እንላለን። መኳንንት ሲለብሱት ኩራት፣ የሰው ቤት ሠራተኛ እናት ስትለብሰው ኀፍረት! የመደብ ጥያቄ በመጽሐፍ ሲሆን እንዴት ቀላል ነው!

በአራተኛው ሌሊት ሻንጣው ተዘጋ። የሐበሻው ቀሚስ አልጋዋ ላይ ታጥፎ ቀረ። ከመካከላችን አንዱ ሊያስቃት ብሎ በብጣሽ ወረቀት ላይ «በጉዞ ላይ የማይፈለግ» ብሎ ጻፈና በመርፌ ቁልፍ ቀሚሱ ላይ አያያዘው። እናታችንም ሳቀች። ሁላችንም ሳቅን።

ያን ቀሚስ ማን እንደሰጣት ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። አባታችን የሞተው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። እናታችን ከል ለበሰች። ዓመት ሞላ፤ አላወለቀችም። ሁለተኛው ዓመት ተጋመሰ። በመጨረሻ የማኅበር ጓደኞቿ ተሰብስበው መጡና፣ ቡና አፍልተው፣ መክረው፣ ተቆጥተው ከሏን አስወለቋት። ያን ዕለት ያለበሷት ነው ይህ ነጭ ቀሚስ፤ ተዋጥተው ከሽሮ ሜዳ ያስመጡት። እኛ ደግሞ ነጩን አስቀርተን መልሰን ጥቁር አለበስናት። ለመቶ ቀን።

ባሕር ላይ የስልክና የኢንተርኔት ዋጋው ስለሚከብድ ከወደብ ወደብ ነበር የምንገናኘው። ከፓናማ ላይ ፎቶግራፍ ላከችልን። አዳራሹ እንደ ቤተ መንግሥት ነው። እሜቴ ሰማያዊ ሐር ለብሰው ይስቃሉ። ከኋላቸው እናታችን ቆማለች፤ ጥቁር ለብሳ፣ ሻርፕ ሳትደርብ፣ እጇን አጣምራ። «እንዴት አምሮብሻል!» ብለን ጻፍንላት። በማግሥቱ ግን ታናሽ እኅታችን ፎቶግራፉን ደጋግማ አይታ «ልክ አባዬ የሞተ ሰሞን» አለች። ከዚያ በኋላ ፎቶግራፉን ማየት አቃተን።

ከሲድኒ ደወለች። ስለ ምግቡ ነገረችን፤ ሦስት ዓይነት ሹካ እንደሚደረደር፤ እሜቴ የቱን ማንሣት እንዳለባት በዐይናቸው እንደሚጠቅሷት። ቀጥላ «ከእኛ ቀጥሎ ካለው ጠረጴዛ አንዲት የሕንድ ሴት አለች» አለች። «ባለቤቷ ያንን ኮት ለብሷል። እርሷ ግን በማዕረግ ማታ ሁሉ የአገሯን ሳሪ ነው የምትለብስ። ማንም ምንም አይላትም። ኧረ እንዲያውም ያደንቋታል። ወረቀቱ ይፈቅዳል እንዴ?»

ሦስታችንም ስልኩን ከበን ዝም አልን። «መስመሩ ተበላሽቷል መሰለኝ» አለችና ዘጋች።

ሁለት ሳምንት ያህል እርስ በርስ ተነታረክን። ሲንጋፖር ደርሳ ስትደውል ግን ነገርናት። ዐረፍተ ነገሯን አይተን እንደዘለልናት፣ ማን እንዳነበበ፣ ሁላችንም እንዳወቅን። ቀሚሱን በፍጥነት ፖስታ ወደሚቀጥለው ወደብ እንላክልሽ አልናት።

ብዙ ዝም አለች። ከኋላዋ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

«ያፈራችሁት በልብሱ ነው ወይስ በእኔ?» አለችን።

አልቆጣችም፤ እንደ ተራ ጥያቄ ነው የጠየቀችን። መልስ ቢኖረን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባላስፈለገ። ስንንተባተብ ጊዜ «ተዉት ልጆቼ» አለች። «ጾምም ገብቷል። ቀሚሱን ስመለስ አገኘዋለሁ።» እውነትም ያ ጊዜ ዐቢይ ጾም ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሥጋና ቅቤ መካከል አትክልት እያስቀቀለች ትበላ ነበር።

የቀረውን የነገረችን ስትመለስ ነው። መርከቧ ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ስትገባ፣ የባሕር ወንበዴ ስለሚፈራ፣ ሌሊት ሌሊት የውጪው መብራት ይቀነስ ነበር። ባብ ኤል መንደብን የሚያልፉት በማዕረግ ማታ ዋለ። እዚያ ጠባቧ ቦታ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በቀኝ የመን፣ በግራ ጅቡቲ። እናታችን እሜቴን እራት አብልታ፣ ከወዳጆቻቸው ጋር አስቀምጣ፣ ወደ ካቢኗ ሄደች። ነጠላዋን ይዛ ነበር፤ ለጸሎት ስለሆነ እኛን ማስፈቀድ አላስፈለጋትም፣ ከመጽሐፏ ጋር በእጅ ቦርሳዋ ነው የያዘችው። በጥቁሩ ቀሚስ ላይ ደረበችው። ለለቅሶ እንደሚደረገው ጥለቱን ወደ አንገቷ አላደረገችም፤ ወደ ታች ለቀቀችው። ከዚያ በግራ በኩል ወዳለው መተላለፊያ ወጥታ ብረቱን ይዛ ቆመች።

«ምን ታየሽ?» አልናት።

«ምን ይታያል፣ ጨለማ ነው» አለች። «ግን ከዚያ ማዶ በረሃው አለ፤ ከበረሃው ማዶ ተራራው አለ፤ ከተራራው ማዶ የአባታችሁ መቃብር አለ። ጥቁር ለብሼ መጣሁ እንዳይለኝ ብዬ ነው ነጠላውን የደረብኩት።»

እሜቴ ሊፈልጓት ሰው ልከው ኖሮ በተሽከርካሪ ወንበር መጡ። በጨለማ የሚታየው ነጠላዋ ብቻ ነበርና ቶሎ አገኟት። ጨርቁን ዳሰሱትና «ይህን የት ደብቀሽው ኖሯል?» አሏት። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የቀሩትን የማዕረግ ማታዎች ሁሉ ነጠላዋን ደርባ ገባች። የገዛንላት ሦስት ሻርፕ ላስቲካቸው ሳይቀደድ ተመለሱ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ!

ከፋሲካ በኋላ ገባች። መኝታ ክፍሏ ስትደርስ የሐበሻው ቀሚስ እንደነበረ አልጋው ላይ ነው፤ ብጣሿ ወረቀትም እንደተያያዘች። ማንሣት አፍረን ነበር። አነበበቻት። መርፌ ቁልፉን ፈታችና ወረቀቷን መሳቢያዋ ውስጥ ከተተቻት። ምንም አላለችም።

እሜቴ እ.ኤ.አ. በ2021 ዐረፉ። እናታችን መጨረሻቸው ድረስ አብራቸው ነበረች። የቀብሩ ዕለት ሳጥኗን ከፍታ ያንን ጥቁር የማታ ቀሚስ አወጣች። ለበሰችው፤ ነጠላዋንም ደረበች፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የእሜቴ ዘመዶች ግራጫም ሰማያዊም ለብሰው ነበር። እስከ እግር ጥፍሯ ጥቁር የለበሰችው፣ ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችውም እርሷ ብቻ ናት። ሰዎች ዞር ዞር ብለው አይዋት። እኛም ከጎኗ ነበርን፤ ያን ቀን ረድፍ አልቈጠርንም።

ማታ ቤት ስንመለስ ቀሚሱን አውልቃ አልጋ ላይ ዘረጋችው። እኛ እንዳስተማርናት በየእጥፋቱ መካከል ስስ ላስቲክ እያደረገች ቀስ ብላ አጣጠፈችው። ከዚያ መሳቢያዋን ሳበች፤ ያቺን ብጣሽ ወረቀት አወጣች፤ በመርፌ ቁልፍ ደረቱ ላይ አያያዘቻት። ከሣጥኑ ሥር አስገባችውና ነጩን ቀሚስ ከላይ አደረገች።